ላፕቶፑን ሽጠው ከመባልህ በፊት ሊኑክስን ሞክረው

ሰሞኑን ደሴ ላይ ቆየት ያለ ላፕቶፕ ይዞ ፎርማት ቤት የገባ ሰው ሁለት መልስ ነው የሚያገኘው። ወይ "ይሄማ አርጅቷል፣ ዊንዶው 11 አይቀበልም፣ ሽጠውና ትንሽ ጨምረህ ሌላ ግዛ"፣ ወይ ደግሞ "አብሽር፣ አስገድደን እንጭንልሃለን"። እኔ ሁለቱም አይዋጡልኝም፣ ሊኑክስ የሚባል፣ በዊንዶው ቦታ ኮምፒውተሩን የሚያሰራ ሌላ ሲስተም እያለ።

ነገሩ የመጣው ማይክሮሶፍት ለዊንዶው 10 በመደበኛነት ይሰጥ የነበረውን አፕዴት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ስላቆመ ነው። 11ዱ ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የሴኪዩሪቲ ቺፕ ይፈልጋል፣ ኢንቴል ከሆነ ባብዛኛው ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች አይቀበልም። እስቲ በየቤታችን ያለውን እንይ፣ 4ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ 3፣ በጣም ቢበዛ 6ኛ፣ እሱም ዩዝድ የተገዛ፣ ደህና ደህናው በ2014ቱ ጦርነት ደሴም ኮምቦልቻም ሲዘረፉ ሄዷል። አስገድዶ መጫኑ ይቻላል ግን ማይክሮሶፍት ራሱ እንደዛ ለተጫነ ማሽን አፕዴት ለመስጠት ዋስትና የለኝም ብሏል፣ በዛ ላይ ክራክ ሲጨመርበት ክራኩ ውስጥ ምን እንዳለ ጫኚውም አያውቅም።

ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ማንም አይቶ ማስተካከልና ማባዛት ይችላል። አንድሮይድ ስልክም የሚሰራው በሱ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ነው ስለዚህ "ለፕሮግራመር ብቻ ነው" የሚለው ወሬ አይገባኝም፣ እናቴም በቴሌብር ስትከፍል ሊኑክስ ላይ ነው ያለችው። ሊኑክስ ብዙ ዓይነት አለው፣ ለቤት ሰው የምመክረው ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነው፣ ከዊንዶው የመጣ ሰው ሜኑውን እዛው ታች በግራ በኩል ያገኘዋል።

ደስ የሚለው ሳትጭነው መሞከር መቻልህ ነው። የሚንት ፋይል 3 ጊጋ ገደማ ነው፣ ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ታደርገዋለህ (ኮፒ ፔስት ብቻ አይሰራም፣ ፍላሹ ላይ የነበረውም ይጠፋል)፣ ከዛ ኮምፒውተሩን ስታበራ ባብዛኛው ኤፍ12፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ9 ነክተህ ከፍላሹ እንዲነሳ ታደርጋለህ። ጫን ካላልከው ሃርድ ዲስክህን አይነካም። ዋይፋዩ ይሰራል? ድምፁስ? ሁሉንም እዛው ታየዋለህ፣ ካልወደድከው ፍላሹን ነቅለህ ሪስታርት፣ ዊንዶውህ እንደነበረ ነው። ከፍላሽ ሲነሳ ቀርፈፍ ይላል፣ በሱ አትፍረድበት። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ያለው የብሮድኮም ዋይፋይ መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ያኔ ስልክህን በኬብል ሰክተህ ቴተሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ ማጋሪያውን) ታበራና ድራይቨር ማናጀር ከሚለው ገብተህ ታወርድለታለህ።

3 ጊጋ በሞባይል ዳታ ማውረድ ለብዙ ሰው ቀልድ አይደለም፣ ገብቶኛል። ግን ወሎ ውስጥ ፊልሙም መንዙማውም በፍላሽ ሲዞር የኖረ ነው፣ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተዘጋበት ጊዜም ያለፍነው እንደዛው ነው፣ ይሄም ይዙር፣ ማባዛቱ ደግሞ ሕጋዊ ነው። ሊብሬኦፊስና ፋየርፎክስ አብረው ስለሚመጡ ለጽሑፍና ለሂሳብ ሰንጠረዥ ምናምን ኔት አትለምንም። አፕዴት ሲኖርም ይነግርሃል እንጂ ሳትፈቅድለት ፓኬጅህን አይጨርስም።

የፎቶኮፒ ቤት ፍላሽ ነገርስ! ሲቪህን ፕሪንት ልታደርግ ሰጥተህ ፎልደሩ በሙሉ ሾርትከት ሆኖ ይመለስልሃል። ያ ቫይረስ ለዊንዶው የተሰራ ስለሆነ ሊኑክስ ላይ አይነሳም፣ እንደውም የደበቃቸው ፋይሎች ሊኑክስ ላይ ስትከፍተው ቁጭ ብለው ይታያሉ። ለዚህ ብቻ እንኳ አንድ የሊኑክስ ፍላሽ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ያዋጣል።

ለሁሉም ሰው ይሁን ግን አልልም። ፒችትሪ ላይ የሚሰራ አካውንታንት ዊንዶውን ባይለቅ ይሻለዋል፣ ፎቶሾፕ እንጀራው የሆነም እንደዛው። ካኖን ሌዘር ፕሪንተር ያለው ድራይቨሩን ቀድሞ ይፈልግ፣ ኤችፒ ባብዛኛው አያስቸግርም። ፓወር ግዕዝ የሚባለው የድሮው የአማርኛ መጻፊያ ደግሞ ዋናው ራስ ምታት ነው፣ በድሮው ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደል ትርምስ ነው፣ ግን ይሄ ዊንዶው ላይም ያው ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የፊደላት ኮድ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ እስከዛሬ በድሮው ፎንት የሚጽፍ መስሪያ ቤት ራሱን ይጠይቅ። ሊኑክስ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ከጨመርክለት ጽሑፉ የትም ሄዶ ይነበባል።

ፎርማት ቤቶቹ ደንበኛ ተመላልሶ አይመጣም ብለው ከሆነ የሚፈሩት፣ ሚንት የሚጭን ሰውም ፎቶውን ባክአፕ የሚያደርግለት፣ ራም የሚጨምርለት፣ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ የሚቀይርለት ይፈልጋል፣ ሂሳቡ ከዊንዶው እኩል ቢሆንም የሚያጉረመርም ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ወንድሞቼ፣ ሽጠው ከማለታችሁ በፊት ፍላሹን ሰክታችሁ አሳዩት። ራሙ 2 ጊጋ ብቻ ከሆነ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለውን ሚንት ስጡት፣ 4 ጊጋና ከዛ በላይ ከሆነ ሲናሞን የሚባለውን ዋናውን ሚንት።