ለማይቸኩሉት ጠበቆች ምስጋና

የአሜሪካን የአክሲዮን ገበያ የሚቆጣጠረው ኮሚሽን፣ ኤስኢሲ፣ ብዙ ይታማል። እኔ ግን የሕግ ባለሙያዎቹን ጨዋነት ሳላመሰግን ማለፍ አልችልም። ሰው ማመን እንዲህ ነው!

በ1992 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ሁለት ሰዎች በኮሚሽኑ ሳይመዘገቡ 441 ሚሊዮን ዶላር ከሕዝብ ሰብስበው ተገኙ። ገንዘቡ የት ነው ሲባሉ፣ የኒው ዮርኩ የአክሲዮን ነጋዴ በርናርድ ሜዶፍ ጋ አሉ። ሜዶፍም ምንም ሳያንገራግር መለሰ። ከየት አምጥቶ? ይህን መጠየቅማ ነውር ነው። ከሌላ ደንበኛ ኪስ ይሆን ብሎ መጠርጠር ደግሞ ሐሜት ነው። ፋይሉ በሰላም ተዘጋ።

ከዚያ ሃሪ ማርኮፖሎስ የሚባል ችኩል መጣ። ቁጥር አዋቂ ነው። ሜዶፍ ያጭበረብራል ብሎ በ2000 ለኮሚሽኑ ጠቆመ፣ በ2001 ደገመ። በ2005 ወደ 30 የሚጠጉ የማጭበርበር ምልክቶችን ዘርዝሮ ላከ። ምን ያስቸኩለዋል?

ባለሙያዎቹ ግን ረጋ ብለው ሜዶፍን ራሱን ጠየቁት። ከተጠርጣሪው የተሻለ ምስክር ከየት ይገኛል? በ2006 ቃሉን ሲሰጥ፣ አክሲዮኖቹ ተቀምጠውበታል የተባለውን የሂሳብ ቁጥር ሳይቀር ነገራቸው። ወደ አክሲዮን ማስቀመጫው አንድ ስልክ ቢደወል የቢሊዮኖቹ አክሲዮን አለመኖሩ ይታወቅ ነበር። ሜዶፍ ራሱ፣ በኋላ እንደተናገረው፣ በቃ አለቀልኝ ብሎ ነበር። የሚደውል ግን ጠፋ። ሰው ቁጥሩን ስለሰጠ ብቻ ይደወላል እንዴ?

ምርመራው ፍሬ አልባ ነበር እንዳትሉ። ሜዶፍ በኢንቨስትመንት አማካሪነት እንዲመዘገብ ተደርጓል። የፖንዚ ሥራውን፣ ማለትም ከአዲሱ ደንበኛ ወስዶ ለቀድሞው መክፈሉን፣ ከዚያ ወዲያ በሕጋዊ ምዝገባ ቀጠለ።

በመጨረሻ ራሱ ተናዘዘ። ለልጆቹ። ልጆቹም ተናገሩበት። ታህሣሥ 2008 ተያዘ፣ በቀጣዩ ዓመት ጥፋተኛ ነኝ ብሎ 150 ዓመት ተፈረደበት። በደንበኞቹ ወረቀት ላይ ወደ 65 ቢሊዮን ዶላር ተጽፎ ነበር። ያኔ መግለጫው፣ ክሱ፣ ቁጣው! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ ምቀኞች አይጠፉም። ውሻው ግን ቢያንስ ጮኋል።

የቴክሳሱ ቅርንጫፍ ደግሞ የራሱ ማዕረግ ይገባዋል። የራሱ መርማሪዎች የባንክ ባለቤቱ አለን ስታንፎርድ ወለድ እከፍላለሁ ብሎ የሚሸጠው የተቀማጭ ሰርተፍኬት ፖንዚ ሳይሆን አይቀርም ብለው በ1997 ጻፉ። በ1998፣ በ2002 እና በ2004ም እንዲሁ። ክሱ የመጣው በ2009፣ ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቅርንጫፉ የሚመዘነው በክስ ብዛት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ውስብስብ ፋይል ደግሞ ዓመት ይበላል። ቀላል ቀላሉን አንስቶ ሪፖርት ማሳመር እያለ፣ ማን ሞኝ ነው ቢሊዮን የሚያሳድድ?

ፋይሉን ካሳለፉት ኃላፊዎች አንዱ ከመሥሪያ ቤቱ ከለቀቀ በኋላ ለስታንፎርድ ጥብቅና ልቁም ብሎ ፈቃድ ጠይቋል። ይህም ያስወቅሰዋል? ጉዳዩን እንደሱ አድርጎ የሚያውቅ ማን ነበር?