ሳሙና ነው የምትሰራው ወይስ ፍላሽ ነው ፎርማት የምታደርገው?

አሁን ከካዛንቺስ መግባቴ ነው፣ ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው፣ ፊደል የምታርሙ ሰዎች ዛሬ አትምጡብኝ።

ለኢንተርንሺፕ ፎርም ልሞላ ሄድኩ አይደል። "የትምህርት ክፍል" ይልና ሳጥኖች አሉት፣ አንዱ ላይ ብቻ ራይት ይደረጋል። እኔ ሁለት ላይ አደረግኩ፣ ምን ላድርግ፣ የምማረው ኬሚስትሪና አይቲ ነው፣ ጥምር ነው፣ አንድ ዲግሪ ነው፣ ይሄን ሳስረዳ 4 አመቴ። ሴትየዋ ፎርሙን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

"የኔ ጌታ አንዱን ምረጥ።"

"ሁለቱንም ነው የምማረው እኮ።"

"ቆይ፣ እና አንተ ሳሙና ነው የምትሰራው ወይስ ፍላሽ ነው ፎርማት የምታደርገው?"

ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። ጥበቃው ሳይቀር። እኔም አብሬ ሳቅኩ! እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፣ እኔ ምን ያስቀኛል?

ዝም ብል ጥሩ ነበር፣ ግን ላስረዳ ተነሳሁ። "በ2024 እኮ የኬሚስትሪ ኖቤል የወሰዱት የፕሮቲንን ቅርጽ በኮምፒውተር የሰሩ ሰዎች ናቸው፣ አንዱ ዴሚስ ሃሳቢስ ይባላል፣ ልጅ ሆኖ የኮምፒውተር ጌም ይሰራ የነበረ…"

"እና እሱም እዚህ ነው ያመለከተው?"

ኧረ በእናታችሁ!

ደግሞ ሳሙና ምን ሆነና ነው የሚናቀው? ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው አይደል እንዴ በቀንድ አውጣ በኩል የሚተላለፈውን የቢልሃርዚያ በሽታ መንገድ የሚዘጋ ነገር ያገኙት። በልብስ ማጠቢያ! ይሄ መልስ ግን የመጣልኝ ስታዲየም ከደረስኩ በኋላ ነው፣ እንደተለመደው።

እውነት ለመናገር የሷ ብቻ አይደለም። ግቢ ውስጥም ከሁለት ያጣ ነኝ። ባለፈው ሴሚስተር የኬሚካል ፎርሙላ የሚያነብ ፕሮግራም ሰርተን፣ አብሮኝ ያለው ልጅ "ኮዱ ንጹህ ይሁን" ብሎ ሁሉንም ፊደል ወደ ስሞል ሌተር ቀየረው። ሰውዬ! ሲም ኦም ካፒታል ሲሆኑ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ ኦዋ ስሞል ስትሆን ኮባልት ነው! አንዱ የሚገድል ጋዝ፣ አንዱ ብረት! ፕሮግራማችን ሁለቱን አንድ አድርጎ ቁጭ። የአይቲው መምህር "ይሄ የኬሚስትሪ ስህተት ነው፣ እነሱን ጠይቁ" አለ፣ የኬሚስትሪዋ "ይሄ የኮድ ነው፣ እኔ አያገባኝም" አለች፣ ማርክ ሲቀንሱ ግን ሁለቱም አገባቸው።

ማክሰኞ ደግሞ ዲስቲሌሽን እየሰራን ውሃ ሄደ፣ ኮንደንሰር ውስጥ ውሃ ካልዞረ እንፋሎቱ በምን ይቀዝቅዝ፣ አጥፉ ተባልን። ከሰአት ኮምፒውተር ላብ ገባን፣ መብራት ሄደ፣ ሴቭ ያላደረግኩት ኮድም አብሮ ሄደ። ሌላው ተማሪ አንዱ ቢጠፋበት አንዱ ይተርፈዋል፣ እኔ ለሁለቱም ተመዝግቤያለሁ።

ሰፈር ስገባ ደግሞ በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ አንድ ላይ አትደባልቁ፣ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል ብዬ ብለምን የሚሰማኝ የለም። "እሺ ልጄ፣ ለመሆኑ ይሄ ቴሌግራም ምን ነክቶት ነው የማይከፍትልኝ?" ነው መልሱ። ያከበረኝ ጋዎኔን አይቶ "ዶክተር ጠጋ በል" ያለኝ ወያላ ብቻ ነው፣ እሱም መልሴን አልሰጠኝም።

ለማንኛውም ሰልፉ ሲጮህብኝ ጊዜ ኬሚስትሪ ላይ ራይት አድርጌ ሰጥቼ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ፎቶ ያነሳሁትን ማስታወቂያ ከፍቼ ሳየው የሚፈልጉት አይቲ ነው።

ነገ ተመልሼ እንዳልሄድ 2 ሰአት ላብ አለኝ። ጋዎኔም አልታጠበም።