የጅማ ልጅ ትል አልለመደም

ሰሞኑን በከተማችን በተካሄደ የትምህርት ቤቶች ጤና ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ የተናገሩትን ብዙዎቻችሁ በሬዲዮ ሰምታችሁታል። ላልሰማ ባጭሩ ልንገረው። የሽንት ቤትና የእጅ መታጠቢያ ሥራው ለምን ወደሚቀጥለው ዓመት ተገፋ ተብለው ተጠየቁ። መልሳቸው «የእኛ ልጆች ትል የለመዱ ናቸው፤ ሰውነታቸው ራሱ ይከላከላል» የሚል ነበር። የትል መድኃኒት በዓመት አንዴ ስለሚሰጥ ይበቃል አሉ። ይባስ ብለው ትል ከአስም እንደሚከላከል እዚሁ ጅማ በጥናት ተረጋግጧል አሉ።

አዳራሹ ውስጥ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። እጁን አውጥቶ «ኧረ ይሄ ልክ አይደለም» ያለ አልነበረም። ስለዚህ እኔ ልበለው።

ከአስሙ ልጀምር። ጥናቱ በርግጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ፣ በጅማና በአካባቢዋ የተሠራ ጥናት ነው። መንጠቆ ትል በብዛት የተገኘባቸው ሰዎች ላይ ደረት ሲር ሲር የማለት ችግር ቀነስ ብሎ ታይቷል። ያገኙት ይህን ነው። ትል ይከላከላል፣ ሽንት ቤት ይቅር የሚል መስመር እዚያ ውስጥ የለም። ኋላ እንግሊዝ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ነገሩን በቀጥታ ሞከሩት። ለአስም ታማሚዎች አሥር አሥር የመንጠቆ ትል እጭ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ውጤት ምን አለ? ይህ ነው የሚባል መሻሻል አልታየም። ወስፋትን በተመለከተማ ነገሩ ጭራሽ ተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ ያየ ግምገማ ወስፋት ያለባቸው ሰዎች ላይ አስም በዝቶ አግኝቶታል። የወስፋት እጭ በሳንባ በኩል አቋርጦ ነው ወደ አንጀት የሚመለሰው። ለሳንባ የሚጠቅም ነገር በዚህ መንገድ አይመጣም።

አንድ ኃላፊ የጥናት ርዕስ ሰምቶ የልጆችን ሽንት ቤት በእሱ ሲያስቀር ዝም ማለት ይከብዳል። መንጠቆ ትል የአንጀትን ግድግዳ ነክሶ ደም ይመጥጣል። አንዱ ትል በቀን የሚወስደው ከጥቂት ጠብታ አይበልጥም። ሲበዙ ግን ልጁ ደም ማነስ ይይዘዋል። ፊቱ ይገረጣል፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። እሱን ልጅ አስም የለህም ብለን እናጽናናው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። «ለምደዋል» ወደሚለው።

ባክቴሪያ ሲገባ ነጭ የደም ሴል ውጦ ያጠፋዋል። ወስፋት ግን እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። የትኛው ሴል ይውጠዋል? ስለዚህ ሰውነት ሌላ ዘዴ ይጠቀማል። አይጂኢ የሚባል አንቲቦዲ ያመርታል። ኢዮሲኖፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎችን ያበዛል። እነዚህ ትሉ ላይ ተለጥፈው ጎጂ ንጥረ ነገር ይለቁበታል። አንጀትም ዝልግልግ ፈሳሹን ይጨምራል፣ እንቅስቃሴው ይፈጥናል፤ ጠርጎ ለማስወጣት ነው። የደም ምርመራ አድርጋችሁ «ኢዮሲኖፊል ከፍ ብሏል፣ እስቲ ሰገራ ስጡ» የተባላችሁ ሰዎች ይህን በራሳችሁ አይታችሁታል።

ይህ ሁሉ ሙሉ በሙሉ ቢሳካ ኖሮ አንድ ወስፋት አንጀት ውስጥ አንድ ሁለት ዓመት ባልኖረ ነበር። ይኖራል። ምክንያቱም ትሉ የሚለቃቸው ንጥረ ነገሮች ተቆጣጣሪ የሚባሉትን የሰውነታችንን ሴሎች ያነቃቃሉ። የእነዚህ ሴሎች ሥራ የመከላከል ቁጣን ማብረድ ነው። ቁጣው ሲበርድ ልጁ አያተኩሰውም፣ አልጋም አይዝም። እናት ደህና ነው ትላለች። ኃላፊው ለምዷል ይላሉ። ሌባ መድኃኒት የነካ ሥጋ አብልቶ የግቢውን ውሻ ቢያስተኛው፣ ውሻው ሌባውን ለመደው ይባላል?

ማብረዱ ደግሞ ለትሉ ብቻ አይቀርም። እዚሁ አገራችን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት ነበር። የቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ) ክትባት ከመውሰዳቸው በፊት የትል መድኃኒት የተሰጣቸው ሰዎች፣ ካልተሰጣቸው ይልቅ ሰውነታቸው ለክትባቱ የተሻለ ምላሽ ሰጥቷል። ይታያችሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በጭቃ በእግሯ ተጉዛ፣ ክትባቱን በበረዶ ይዛ ትመጣለች። በትል የተያዘ ሰውነት ግን የዚያን ልፋት ከፊሉን ከንቱ ሊያደርገው ይችላል። ለእኔ ይህ ብቻ በቂ ምክንያት ነው። የትምህርት ቤት ሽንት ቤት የክትባት ሥራ አካል ነው፤ ከክትባት በጀት እኩል ሊከበር ይገባዋል።

ወባን የሚያነሳ ይኖራል። እሺ፣ ወባ ባለበት አካባቢ ያደገ ሰው ከብዙ ሕመም በኋላ ከፊል መከላከያ ያገኛል። ያንን እስኪያገኝ ስንት ሕፃን ይሞታል? አካባቢውን ለቆ ሲቆይም መከላከያው ይደክማል። በዚህ አጎበር ይቅር ያለ የለም።

ስለ ትል ደግሞ ሁሉም ኃላፊ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ወስፋት ሆድ ውስጥ አይባዛም። ሴቷ በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። እነዚያ እንቁላሎች ግን እዚያው ሆድ ውስጥ ትል አይሆኑም። ከሰገራ ጋር ወጥተው አፈር ላይ ሳምንታት መቆየት አለባቸው። ከዚያ በቆሸሸ እጅ፣ ባልታጠበ ምግብ ወደ አፍ ይመለሳሉ። መንጠቆ ትልም እንዲሁ ነው። እንቁላሉ አፈር ላይ ተፈልፍሎ እጩ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባል። እንግዲህ አንድ ልጅ ሆዱ ውስጥ ሃያ ወስፋት ካለ፣ ሃያዎቹም አንድ በአንድ ከውጭ የገቡ ናቸው። እያንዳንዳቸው የሆነ ሰው ሜዳ ላይ ከተጸዳዳበት ቦታ የመጡ ናቸው። የልጁ ሰውነት ደከመም በረታም፣ መንገዱ የሚቋረጠው አፈሩ ላይ ነው። የጅማ አፈር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል እርጥብና ጥላ ያለበት ነው። ለቡና የተመቸው ሁሉ ለትል እንቁላልም ተመችቷል። የወስፋት እንቁላል አንዴ ከገባበት ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።

የትል መድኃኒት በሚሰጥበት ቀን አንድ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ልጆቹ ተሰልፈዋል። መምህርቷ ከብልቃጡ አንድ አንድ አልቤንዳዞል እያወጣች መዳፋቸው ላይ ታስቀምጣለች። «አኝኩት፣ አትጣሉት» ትላለች። ጥፍራቸው ሥር ጥቁር አፈር አለ። አንድ ኩባያ ውሃ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እጅ መታጠቢያው የት ነው ብዬ አንዷን ተማሪ ጠየቅኳት። ቧንቧው ተነቅሎ የተወሰደበትን ገንዳ አሳየችኝ። ገንዳው ውስጥ ደረቅ ቅጠልና የማስቲካ ወረቀት ነበር። ከሁለቱ ሽንት ቤቶች አንዱ ተቆልፏል፣ ሌላው ሞልቶ ወደ በሩ ፈስሷል። ወንዶቹ ከአጥሩ ሥር ይወጣሉ። ሴቶቹ ቤታቸው እስኪደርሱ ይይዙታል።

መድኃኒቱን አልቃወምም። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2015 ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ለተማሪዎች መሰጠቱ ትልቅ ሥራ ነው። የሚሰጡት መምህራንም ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ኪኒኑ የሚገድለው ዛሬ አንጀት ውስጥ ያለውን ነው። አጥሩ ሥር ያለውን እንቁላል አይነካም፤ ነገ ለሚገባውም መከላከያ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ የብዙ አገሮችን ጥናቶች ያሰባሰበ ግምገማ ቁጥሩን አስቀምጦታል። መድኃኒት በተሰጠ በ3 ወሩ የወስፋት ስርጭት ከመድኃኒቱ በፊት ከነበረው 26 በመቶ ያህሉን ደርሷል። በ6 ወሩ 68 በመቶ። በ12 ወሩ 94 በመቶ። በዓመቱ ወደነበረበት ተመልሷል ማለት ይቻላል። «በዓመት አንዴ ይበቃል» የተባለው እንግዲህ ይህ ነው። ሰውነት ቢለምድና ቢከላከል ኖሮ ይህ 94 ከየት ይመጣ ነበር? ይህን ጥያቄ ለኃላፊው የሚያቀርብላቸው ጋዜጠኛ ብናገኝ ደስ ይለኛል።

ከትምህርት ቤት ስንወጣም ያው ነው። ከጅማ ገበያዎች የተሰበሰቡ አትክልትና ፍራፍሬዎችን የመረመረ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ነበር። ከናሙናዎቹ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ጥገኛ ተሕዋስያን ተገኝተዋል። የአዌቱን ወንዝ የሚያውቅ ሰው አይደነቅም። የከተማው ቆሻሻ የሚገባበት ወንዝ ዳር ሰላጣና ጎመን ይለማል፣ እዚያው ይታጠባል። ያ ሰላጣ በጥሬው ማዕዳችን ላይ ይቀርባል። ቤታቸው ንጹሕ ሽንት ቤት ያላቸው ኃላፊዎችም ይበሉታል።

ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ ይህ ሁሉ ገብቷቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሌላውን የትል በሽታ፣ ብልሀርዚያን፣ ሲያጠኑ ወንዙን አዩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ቦታ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። የሕዝቡ ሰውነት ለምዷል ብለው ቢመለሱ ኖሮ ያ ግኝት አይኖርም ነበር።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። የተገፋው የሽንት ቤት ሥራ ዘንድሮውኑ ይጀመር፤ ክረምቱ ገብቶ የሞሉት ጉድጓዶች ግቢውን ሳያጥለቀልቁት። ከእያንዳንዱ ሽንት ቤት አጠገብ ውሃ የሚመጣበት ቧንቧና ሳሙና ይኑር። የሳሙናው ወጪ በማን እንደሚሸፈን ከአሁኑ ይታወቅ። ኪኒኑ ከመሰጠቱ በፊትና ከስድስት ወር በኋላ ከየትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ሰገራ ተወስዶ ይመርመር፤ እንቁላሉ ይቆጠር። ውጤቱ በየትምህርት ቤቱ ስም ለወላጆች ይለጠፍ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው። ላብራቶሪው አለ፣ ሙያው አለ፣ ለመቁጠር የሚችሉ የላብራቶሪ ተማሪዎችም አሉ።