ድራይቨሩና ላይብረሪው ባልተስማሙ ቁጥር ሥራችን ለምን ይቁም?

አራት ኪሎ በሚገኘው ቢሯችን የግራፊክስ ካርድ የተገጠመለት ሰርቨር አለን፤ የቆዩ የአማርኛ የእጅ ጽሑፎችን አንብቦ ወደ ኮምፒውተር ፊደል የሚቀይር ሞዴል የምናሠለጥነው በእርሱ ላይ ነው። ማንም ሰው ማሽኑን ሳይነካው፣ ሌሊት የደኅንነት ማሻሻያ በራሱ ገብቶ ያድርና ጠዋት የምናስነሣው ሥራ ሁሉ «የድራይቨርና የላይብረሪ ቨርዥን አይጣጣምም» በሚል መልእክት ይቆማል። አንድ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ ነበር፤ የሚያስመርረኝ መደጋገሙ ነው።

የካርዱ ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር፣ ሁለት ክፍል አለው፦ አንደኛው ከርነሉ (የሊኑክስ ስርዓተ ክወና እምብርት) ውስጥ የሚጫን ሞጁል ሲሆን፣ ሁለተኛው ፕሮግራሞቻችን የሚጠሩት፣ ከከርነሉ ውጭ ያለ ላይብረሪ፣ ማለትም የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ ነው። ሁለቱ የሚግባቡበት መንገድ የአምራቹ የውስጥ ጉዳይ በመሆኑ ከእትም ወደ እትም ሊለወጥ ይችላል፤ ስለዚህም የቨርዥን ቁጥራቸው እስከ መጨረሻው አኃዝ አንድ ካልሆነ ሞጁሉ ላይብረሪውን አይቀበለውም። ማሻሻያው ሲገባ ዲስክ ላይ ያለው ላይብረሪ ወዲያው ይተካል፤ ሜሞሪ ላይ ያለው ሞጁል ግን ማሽኑ ሪስታርት እስኪደረግ፣ ወይም ካርዱን የያዙት ፕሮግራሞች ሁሉ ተዘግተው ሞጁሉ ተነቅሎ እስኪጫን ድረስ አሮጌው ነው። ቀድሞ የተጀመረ ሥልጠና አሮጌውን ላይብረሪ እንደያዘ ሲቀጥል አዲስ የሚነሣው ይወድቃል፤ ስለዚህ ወይ ቀናት የፈጀውን የባልደረባዬን ሥልጠና ማቋረጥ፣ ወይ ሌሎቹን ጠብቁ ማለት ይኖርብኛል። ፕሮግራምን ከሚያስፈልጉት ፋይሎች ጋር ለብቻው አሽጎ የሚያስኬደው ኮንቴይነርም ከዚህ አያድንም፤ ከርነሉ የሁሉም የጋራ ነውና።

ከርነሉ ራሱ ሲሻሻል የሚመጣው ችግር ደግሞ ይብሳል። ከዋናው የከርነል ኮድ ውጭ ያለ ሞጁል ለአዲሱ ከርነል እንደገና ኮምፓይል መደረግ (ከኮዱ ወደ ማሽን ቋንቋ መተርጎም) አለበት፤ ይህን እንዲሠራ የታሰበው ዲኬኤምኤስ የተባለው መሣሪያ ለዚህ የሚያስፈልጉትን የአዲሱን ከርነል ሄደር ፋይሎች ካላገኘ ወይም ኮዱ አልገጥም ካለው፣ ማሻሻያው የገባው ሌሊት በመሆኑ ስሕተቱ የማሽኑ መዝገብ (ሎግ) ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ከሳምንታት በኋላ መብራት ጠፍቶ ዩፒኤሱም ሲያልቅ፣ ሰርቨሩ የሚነሣው በአዲሱ ከርነል፣ ያለ ድራይቨር ነው። ሁሉም ሰው መብራቱን ይወቅሳል።

የከርነሉን አዘጋጆች አልወቅስም። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2012 በቁጣ ጭምር ያስረገጠው መመሪያ፣ ማለትም ከርነሉ ሲለወጥ የተጠቃሚው ፕሮግራም መሰበር እንደሌለበት፣ ለእኔ ከሙያው ታላላቅ ቃል ኪዳኖች አንዱ ነው። ይህ ቃል ኪዳን ግን የከርነሉን የውስጥ በይነገጽ፣ ማለትም ከርነሉና ሞጁሎቹ የሚጠራሩበትን መንገድ፣ አይመለከትም፤ ከከርነሉ ዋና አዘጋጆች አንዱ የሆነው ግሬግ ክሮህ-ሃርትማን ይህንኑ በከርነሉ ሰነዶች መካከል በሚገኝ ጽሑፉ በግልጽ አስቀምጦታል። ምክንያቱም አሳማኝ ነው፦ ድራይቨሩ ዋናው ኮድ ውስጥ ከገባ፣ በይነገጹን የሚለውጠው ሰው ድራይቨሩንም አብሮ ያስተካክለዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው የ6.4 ከርነል «ክላስ ክሪኤት» የተባለው ተግባር ከሁለት ግብአቶቹ አንዱ ሲነሣ፣ ውስጥ ያሉት ድራይቨሮች አብረው ተስተካከሉ፤ ውጭ ያሉት ግን ባለቤቶቻቸው እስኪያርሟቸው ድረስ ኮምፓይል መሆን አልቻሉም።

ወቀሳዬ ድራይቨሩን ከዋናው ኮድ ውጭ ባስቀረው አምራችና ግማሹን ቀይሮ ግማሹን በሚተወው የማሻሻያ አሠራር ላይ ነው። ያው አምራች ከድራይቨሩ በላይ ላሉት የስሌት ላይብረሪዎቹ በአንድ ዋና ቨርዥን ክልል ውስጥ መጣጣምን ፈቅዷል፤ ታዲያ በሞጁሉና በላይብረሪው መካከልስ ለምን ይከለክላል? የሊኑክስ ስርጭቱን፣ ማለትም ከርነሉንና ሌሎቹን ፕሮግራሞች አቀናጅቶ የሚቀርበውን ጥቅል፣ የሚያዘጋጁትም ቢሆኑ፣ ላይብረሪውን ማሽኑ ሪስታርት ሲደረግ ብቻ መተካት፣ ሞጁሉ ያልተሠራለትን ከርነል ደግሞ ቀዳሚ የማስነሻ ምርጫ አለማድረግ ይችላሉ።

እኔ ለጊዜው የድራይቨሩንም የከርነሉንም ማሻሻያ አግጃለሁ። ይህ ማለት የታወቀ የደኅንነት ቀዳዳ ቢኖር፣ ሥልጠናው አልቆ ሁላችንም በተስማማንበት ሰዓት ሪስታርት እስካደርግ ድረስ ሰርቨሩ ተጋልጦ ይቆያል ማለት ነው፤ ከደኅንነትና ከሥራ አንዱን እንድመርጥ መገደዴን እስካሁን ልቀበለው አልቻልኩም።