ውዳሴ ትንኝ

ትንኝን እያጠሩ ግመልን የሚውጡ ሰዎች በወንጌል ተወቅሰዋል። እኔ ደግሞ ዛሬ ላመሰግናቸው ተነሥቻለሁ። ግመል መዋጥ እኮ ጉሮሮ ይጠይቃል፤ ትንኝ ማጥራት ደግሞ ዐይን። ሁለቱን በአንድ ቀን አስተባብሮ የተገኘ ሕዝብ ቢኖር የብሪታንያ ሕዝብ ነው፤ ከነጋዜጦቹ።

ቀኑ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 2024፣ ዕለቱ ዓርብ ነበር። የሕዝብ እንደራሴዎቹ በዌስትሚንስተር የተሰበሰቡት ከስድስት ወር በላይ አይኖሩም የተባሉ ሕሙማን፣ ከፈለጉ በሐኪም እገዛ ሕይወታቸውን እንዲያበቁ በሚፈቅደው የእንደራሴዋ የኪም ሌድቢተር ረቂቅ ሕግ ላይ ሊመክሩ ነው። ሁለት ሐኪሞች ያረጋግጣሉ፤ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ያጸድቃል። በሽተኛው ከልቡ ፈልጎ ነው ወይስ ለልጆቹ ሸክም እንዳይሆን? ሐኪም ስድስት ወር ሲል ስንቱ ዓመት ይኖራል? ማስታገሻ ሕክምና በወጉ ለማያገኝ ሰው ምርጫ ሰጠነው ማለት ምን ማለት ነው? እንዲህ ያለውን ጥያቄ በቁርስ ሰዓት ማንሳት ነውር ነው። ደግነቱ ያን ዕለት ጠዋት ስልክ ተገኘልን።

የትራንስፖርት ሚኒስትሯ ሉዊዝ ሄግ ሥራቸውን ለቀቁ። በ2013 ማታ ከተዝናኑበት ሲመለሱ ተዘርፈው፣ ተወሰዱብኝ ብለው ለፖሊስ ካስመዘገቧቸው ዕቃዎች አንዱ የመሥሪያ ቤታቸው ስልክ ነበር። ስልኩ ለካ ከቤት አልወጣም። ቆይተው አገኙትና አበሩት፤ ሲበራ ፖሊስም ነቃ። በ2014 ጥፋታቸውን አመኑ፤ ፍርድ ቤቱም ዳግመኛ እንዳያጠፉ በማስጠንቀቅ ያለ ቅጣት አሰናበታቸው። ዳኛው የዘጉትን መዝገብ ከዐሥር ዓመት በኋላ ሕዝብ ከፈተው። ሞቶ የተመለሰ ስለሌለ በሞት ጉዳይ አዋቂ የለም፤ ስልክ ያልጠፋበት ግን ማን አለ? ስለዚህ ሁሉም በሙሉ ሥልጣን ተናገረ። መቼ አገኙት? ለምን አበሩት? አብርተውስ ለማን ደወሉ?

ከሰዓት በኋላ ድምፅ ተሰጠ፤ 330 ደገፉ፣ 275 ተቃወሙ። በ2015 ተመሳሳይ ረቂቅ ቀርቦ 118 ደግፈውት 330 ተቃውመውት ነበር። ያችው 330 በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከተቃውሞ ወደ ድጋፍ ተሻግራ ተቀመጠች። ምን ቢለወጥ ነው የሚል ሰው ቢኖር ኖሮ ደስ ባለኝ፤ ጊዜ የለም እንጂ፣ ስልኩ ይቀድማል።

ሕጉ ራሱ ይህን ጠባይ ሳይማር አልቀረም። ከ1961 ጀምሮ ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የረዳ እስከ 14 ዓመት ይታሰራል ይላል። ይሁን እንጂ ያኔ የዐቃቤ ሕግ የበላይ የነበሩት ኪር ስታርመር በ2010 ባወጡት መመሪያ፣ በርኅራኄ የረዳ ሰው ብዙውን ጊዜ ላይከሰስ ይችላል። የ14 ዓመቱ ሕግ እንዲህ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ ይኖራል። የመኪና ቀበቶ ሕግ ግን ሁለቱም ዐይኑ ፈጥጦ ነው። በጃንዩወሪ 2023 ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ በሚሄድ መኪና የኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ መንግሥታቸው ለክፍለ አገሩ ስላደረገው መልካም ነገር ካሜራ ፊት አስረዱ። የሰማቸው የለም። ሕዝብ የሚያየው ደረታቸውን ነበር፤ ቀበቶ የለበትም። የላንክሻየር ፖሊስ ወዲያው ቀጣ። መረጃውን በገዛ እጃቸው ቀርጸው፣ በገዛ ገጻቸው ለጥፈው ያስረከቡ ተከሳሽ ናቸውና እኔ ብሆን ቅጣቱን አቀልላቸው ነበር።

ትንሽ ጥፋት የሌለው ፖለቲከኛ ደግሞ ያሳዝናል። ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቴሬዛ ሜይ በ2017 ከሠራሽው ሁሉ የከፋው ባለጌነት ምንድን ነው ተብለው ቢጠየቁ፣ በልጅነቴ በገበሬ የስንዴ ማሳ ውስጥ ሮጫለሁ አሉ። አገር ሳቀባቸው። በጥፋት ማነስ የሚሳቅበት ሕዝብ፣ በጥፋት ብዛት ማንን እንደሚምር አስቡት። መልሱ ቀላል ነው፤ የራሱን ፓርቲ ሰው። የእኛው ሲሆን የወጣትነት ስሕተት፣ የእነርሱ ሲሆን የባሕርይ ማጋለጫ ይባላል። ሚዛኑ አንድ ነው፤ የሚገለበጠው ሳህኑ ብቻ።

በጁን 2025 ረቂቁ 314 ለ 291 አልፎ ወደ ላይኛው፣ ወደ ሎርዶች ምክር ቤት ወጣ። የ55 ብልጫ ወደ 23 ወርዶ፣ ዳኛውም በባለሙያዎች ጉባኤ ተተክቶ ነበር። ሎርዶቹ ዘንድ እንዳለ ኦክቶበር ገባና የገንዘብ ሚኒስትሯ ራቼል ሪቭስ ቤታቸውን ያከራዩት 945 ፓውንድ የሚከፈልበትን ፈቃድ ሳያወጡ እንደሆነ ተሰማ። ባለቤታቸው ከአከራይ ወኪሉ ጋር የተጻጻፏቸው ኢሜይሎችም ወጡ። ሁለት ጊዜ አነበብኳቸው። ረቂቁንም ላነብ አስቤ ነበር፤ ገጹን ቆጠርኩና ለዓርብ አሳደርኩት።