ሐረጎ ላይ 400 ፈረስ ምን ይሠራል?

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ የመኪና ፕሮግራም የቀረበ እንግዳ «ከ400 የፈረስ ጉልበት በታች ከሆነ ስፖርት መኪና አይባልም» ብሎ ደመደመ። አዘጋጁም «ልክ ነህ» ብሎ አለፈው። እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ።

ከሁሉ የከነከነኝ ማስረጃ ብሎ ያመጣው ነው። «እንደ ደሴ ያለ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር ይደክማል፤ ትርፍ ጉልበት የግድ ነው» አለ። መድከሙስ ይደክማል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። እና 200 የነበረው 150 ሆነ። ከዚህ ተነስቶ 400 ላይ የሚያደርስ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? ቱርቦ ያለው የጎደለውን አየር ጨምቆ ያስገባል። የኤሌክትሪኳማ ጭራሽ አየር አትፈልግም።

ከደሴ ኮምቦልቻ በሐረጎ ተራራ መንገድ የወረደ ሰው እንዲህ አይናገርም። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁለቱ ግን ወደ 600 ሜትር ይደርሳል። አንዱን ኩርባ ሳትጨርስ ሌላው ከች ይላል። ከፊትህ ሲኖትራክ በሁለተኛ ማርሽ ይንፏቀቃል። ጉም ከወረደ ደግሞ ጠርዙም አይታይህም። ታዲያ 400ውን ፈረስ የት ላይ ትለቀዋለህ? ነዳጅ ረግጠህ ሁለት ሳትቆጥር ፍሬን ነው። መንገዱ የሚጠይቅህ ሌላ ነው። ፍሬኑ ይይዛል? ጎማው አስፋልቱን ይነክሳል? መሪው ይታዘዛል? መኪናዋ ስንት ኪሎ ናት? ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ሊያቆመው የሚገባው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ትልቅ ሞተር ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ ትልቅ ራዲያተር፣ ትልቅ ካምቢዮ፣ ሰፊ ጎማ አስከትሎ ነው። ቡጋቲ ቺሮን 1,500 ፈረስ አለው፤ ክብደቱም 2,000 ኪሎ ገደማ ነው። ያንን ብረት ኩርባ ላይ ማቆም የፍሬኑ ዕዳ ነው።

ማዝዳ ኤምኤክስ-5 እ.ኤ.አ. በ1989 ስትወጣ 115 ፈረስ ገደማ ነበራት፤ ክብደቷ 1,000 ኪሎ አይሞላም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተመረተች። እሷ ስፖርት መኪና ካልሆነች የትኛዋ ናት? እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣችው ሎተስ ኤሊዝም በ120 ገደማ ፈረስ ነው ስሟን የተከለችው።

ለውድድር ሜዳ 400 ይሁን፣ 1,000ም ይሁን፤ አልከራከርም። ለወሎ መንገድ ግን 150 ይበቃል። 200 ካላት ተርፏታል። አዘጋጁም በሚቀጥለው ፕሮግራም ስለ ፈረስ ከመጠየቁ በፊት የመኪናዋን ክብደትና ፍሬን ይጠይቅልን። በሐረጎ ወርደን ቤታችን የምንገባው በእነሱ ነው።