ሽምብራ ውሃ አይወድም ያለው ማነው?

ኅዳር ላይ በዱከም መንገድ ያለፈ ሰው ያውቀዋል። እሸት ሽምብራ ከነሥሩ ተነቅሎ፣ በእስር በእስር ሆኖ አስፋልት ዳር ይሸጣል። ሲፈለፍሉት ጣት ላይ የሚቀረው ኮምጣጣ ነገር የቅጠሉ አሲድ ነው። በጣም ነው የምወደው።

አጎቴ ከአቃቂ አለፍ ብሎ ሁለት ጥማድ መሬት አለው። አፈሩ መረሬ ነው። በክረምት እግር ይውጣል፣ በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ሽምብራውን መስከረም መግቢያ ላይ ይዘራና በቃ፣ ለእግዜር ይተወዋል። ፓምፑ የሽንኩርት ነው። "ሽምብራ ውሃ አይወድም" ይላል። አካባቢው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው።

ግማሹ እውነት ነው። ሽምብራ ሥሩን ወደ ታች ሰዶ፣ ክረምቱ አፈር ውስጥ ጥሎት የሄደውን እርጥበት እየመጠጠ ያድጋል። ችግሩ የሚመጣው ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ ነው። ልክ አበባ አውጥቶ ፍሬ ሊቋጥር ሲል እርጥበቱ ያልቃል። አበባው ይረግፋል፣ የተቋጠረውም ፍሬ ይጫጫል። በዚያች ሰዓት አንድ ጊዜ ደህና አድርጎ የጠጣ ማሳ ምርቱ በግልጽ ይጨምራል።

ጎረቤቱ ደግሞ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው። ፓምፑ እጁ ላይ ስላለ ሽምብራውን እንደ ሽንኩርት በየሳምንቱ አጠጣው። ሄጄ አየሁት። ከላይ ለምለም ነው፣ ቅጠሉ ጉልበት ይደርሳል። ገለጥ ሳደርገው ግን የታችኛው ቅጠል ቢጫ ነው፣ ፍሬውም እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ያለ ነው። ውሃ ያልተቋረጠበት ሽምብራ ቅጠልና አበባ ማውጣቱን ስለማይተው ፍሬ መሙላቱን ያዘገያል። መረሬ ደግሞ ውሃ ሲይዝ አየር ያሳጣል። ሥሩ ይበሰብሳል፣ ሥሩ ላይ ተቋጥረው ከአየር ናይትሮጅን የሚይዙት ባክቴሪያዎችም ሥራ ይፈታሉ። በነዳጅ የተገዛ ጉዳት ነው። አንጀቴን በላው።

እስቲ እናስላው። አንድ ጊዜ ማጠጣት 50 ሚሊ ሜትር ውሃ ነው ብንል፣ በአንድ ሄክታር ላይ 500 ሜትር ኩብ ይሆናል። ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ 125 ጊዜ መገልበጥ ማለት ነው። አምስት ጊዜ ያጠጣ ሰው ከ600 ሮቶ በላይ አፈሰሰ። ይህ ውሃ ደግሞ ሌላ ጠጪ አለው። የአቃቂ ጉድጓዶች የአዲስ አበባን ቧንቧ ጭምር ነው የሚሞሉት።

ለዚህ ነው "ይህን ያህል ሄክታር በመስኖ ለማ" የሚለው ሪፖርት የማያረካኝ። ጎረቤቱም እዚያ ውስጥ ይቆጠራል እኮ! መጠየቅ ያለበት አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ስንት ኪሎ ሽምብራ ሰጠ የሚለው ነው። የልማት ሠራተኛው ገበሬው ዘንድ የሚሄደውም አበባው ሲፈካ መሆን አለበት፤ ታኅሣሥ ላይ ቢመጣ ምን ያደርጋል? ትርፉ ውሃ የሚወጣበት ቦይ ደግሞ ከመዘራቱ በፊት ይቀደድ።

አጎቴን ለከርሞ አንዷን ጥማድ እንዲሞክር ለመንኩት።

"አንዴ ብቻ?" አለኝ።

"አንዴ ብቻ። አበባው ሲታይ ደውልልኝ፣ እኔም እመጣለሁ።"